አልገባችሁም ባዩ አባቴ

ሰው ተከራክሮ መረታቱን ሲያውቅ «አልተረዳችሁኝም» ሲል ስሰማ ዛሬም ደሜ ይፈላል። ተሳስቻለሁ ቢል ምን አለበት? ቃሌን በልቻለሁ፣ ሐሳቤን ለውጫለሁ ቢል ማን ይሰቅለዋል? እሱ ግን ጥፋቱን ከራሱ ላይ አንስቶ በሰሚው ጆሮ ላይ ይጭነዋል። እሱ አጥርቶ ተናግሯል፤ ደንቆሮዎቹ እኛ ነን። ባስተማርኩባቸው ዓመታት በመምህራን ስብሰባ ላይ ይህን ቃል የተናገረኝ ሰው ሁሉ ለምን እንደተኮሳተርኩበት ሳይገባው ቀርቷል። እነሱ ምን ያድርጉ! ቃሉን ያስጠላኝ የወለደኝ አባቴ ነው።

ሁለት አባት ነበረኝ። አንዱ ያሳደገኝ ነው። ከሸዋ መጥቶ ነቀምት ገበያው አጠገብ ልብስ ሰፊ የሆነ፣ አባዬ የምለው እሱን ነው። ሌላው የወለደኝ ነው። ኡኬ የምትባል ከተማ አጠገብ ገበሬ ስለነበር በቤታችን «የኡኬው አባቷ» ይባል ነበር። እናቴ ስል ያሳደገችኝን ማለቴ ነው። እሷ የኡኬ ሴት ናት፤ ከወላጅ እናቴ ጋር አብረው ውሃ እየቀዱ ያደጉ ባልንጀሮች ነበሩ። እናቴ ልጅ አልወለደችም። አንድ ዓመት ከመንፈቅ ሲሆነኝ በጉዲፈቻ ተሰጠኋት።

ጉዲፈቻ በወለጋ የአደራ ነገር አይደለም። ሽማግሌ ተቀምጦ፣ አናቷን ቅቤ ተቀብታ፣ ተመርቃ የተሰጠች ልጅ ከዚያች ቀን ጀምሮ የተቀበሏት ሰዎች ልጅ ናት። እነሱ ይድሯታል፣ እነሱን ትወርሳለች፣ ሲሞቱም እሷ ታለቅሳለች። መልሶ የሚጠይቅ ሰው የለም። ቢኖርም ሰው ፊት የሚቀርብበት ዓይን አይኖረውም።

እንዴት እንደተሰጠሁ እናቴ ደጋግማ ነግራኛለች። የኡኬው አባቴ ልጅ ማጣቷን አይቶ አዘነላት፤ «ከዓይኑ ብሌን ቆርሶ ሰጠኝ» ትል ነበር። ልጅ ሆኜ በዚህ እንዴት እኮራ እንደነበር! የጎረቤት ልጆች ሁሉ ዝም ብለው የተወለዱ ናቸው፤ እኔ ስጦታ ነኝ። ከእነሱ ጋር ስጣላ ይህንኑ እነግራቸዋለሁ፤ ይስቁብኛል፤ እኔም ድንጋይ አነሳባቸዋለሁ።

የኡኬው አባቴ በዓመት ሁለቴ፣ ሦስቴ በጭነት መኪና ላይ ተሳፍሮ፣ አንጮቴ የሚሉትን የወለጋ ሥራ ሥር በጆንያ ሸክፎ ይመጣ ነበር። እናቴ አንጮቴውን ቀቅላ በቅቤ እስክታቀርብለት ድረስ ከአባዬ ጋር ይጫወታሉ። ጨዋታ አዋቂ ነው፤ ያስቃል። ነገር ግን አንድ ነገር አንስተው ሲከራከሩ፣ የአባዬ ነገር ሲበረታበት፣ እጁን አየር ላይ ያወራጭና «ኢሲኒፍ ሂን ገሌ!» ይላል። አልገባችሁም ማለቱ ነው። አባዬ ሸዌ ነው እንጂ ኦሮምኛውን ከገበያው ሰው እኩል ይናገረዋል፤ ያልገባው ነገር አልነበረም። ከሰዓት በፊት እመጣለሁ ብሎ ማታ የመጣ እንደሆነ፣ አልገባችሁም። ሥጋ አልበላም ብሎ ሥጋ የበላ እንደሆነ፣ አልገባችሁም። እናቴ ትስቃለች። አባዬም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይስቅ ነበር።

ሳቁ የቆመው በፍየሏ ነው። አሥር ዓመት ሲሆነኝ ለፋሲካ አንዲት ሴት ፍየል እየጎተተ መጣ። «ኢንተላ ኮ፣ ያንቺ ናት» አለኝ፤ ልጄ፣ ያንቺ ናት። ገመዷን በእጄ አስያዘኝ። ሰው ሁሉ ሰምቷል። ከእሷ ጋር ዓመት ከረምን፤ ሳር የማጭድላት እኔ፣ ሽንቷን የምጠርግ እኔ። ሁለት ግልገል ወለደች። በሚቀጥለው ፋሲካ የኡኬው አባቴ መጣ፤ በላ፣ ጠጣ፣ መረቀን፤ ሲነሳ ፍየሏን ፈታ።

«ምነው?» አለችው እናቴ።

«አልገባችሁም ለካ! እንድትጠብቁልኝ ነው የተውኳት እንጂ መች ሰጠሁ?»

ሦስቱንም ነድቶ ሄደ። እኔ መሬት ላይ ተንከባልዬ አለቀስኩ። እናቴ «ተይው፣ ከፍየል ሰው ይበልጣል» አለች። አባዬ ግን ከስፌት መኪናው ሳይነሳ፣ «ዛሬ ገብቶናል ማለት ነበረብን» አለ። ያን ጊዜ አባዬ ለፍየል እንዲህ መናደዱ አስገርሞኝ ነበር። አሁን ግን በትክክል እንዳየ አውቃለሁ። ያ ሰው በፍየሏ ለመደ። አንዴ የበጀው ቃል ሁለተኛም የሚበጀው መሰለው።

ስምንተኛ ክፍል ሆኜ ለሚኒስትሪ ፈተና ስዘጋጅ ወላጅ እናቴ ሞተች። ኡኬ ሄደን አለቀስን። እኔን ከሰጠች በኋላ አራት ወንዶች ወልዳ ነበር፤ ትንሹ አምስት ዓመት እንኳ አልሞላውም፤ ቀብሩ ላይ ጫማዬን ሲያይ ነበር። በሦስተኛው ወር የኡኬው አባቴ ነቀምት መጣ። ያን ቀን ግን አንጮቴ አልያዘም። ከሱቁ በር ላይ ቆሞ «አካም ኦልተኒ» ብሎ ሰላምታ ሰጠና፣ ሳይቀመጥ ተናገረ።

«ልጄን ልወስድ ነው የመጣሁት።»

አባዬ ጨርቅ እየቀደደ ነበር፤ መቀሱን ሳያስቀምጥ «የትኛዋን?» አለው።

«ይቺን ነዋ! እናቷ ሞታለች። ቤቴ ሴት የለበትም። አራት ወንዶች፤ ማን ያብስልላቸው?»

«የእሷ እናት ጓዳ ናት። ጥራትና ጠይቃት፣ ትነግርሃለች አለመሞቷን።»

እናቴ ወጣች። እጇ ላይ ሊጥ ነበር። እኔ ቁልፍ እየተከልኩ ነበር፤ መርፌውን ጣቴ ላይ ሰክቼ ተቀምጬ ቀረሁ። ልናገር ብል ማን ይሰማኛል? በሦስት ትልልቅ ሰዎች መሀል የተዘረጋ ጨርቅ ሆኛለሁ።

የኡኬው አባቴ እጁን አወራጨ። «አልገባችሁም። እኔ ያን ጊዜ አሳድጉልኝ አልኩ እንጂ ውሰዱ አላልኩም።»

አባዬ መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። «ሰማህ ወይ! አንድ ሰው ጨርቅ አምጥቶ ልኬ፣ ቆርጬ፣ ሰፍቼ፣ ለብሶት ልጅ ድሮበት፣ ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ ‹ጨርቁን ልታስቀምጥልኝ ነበር የሰጠሁህ› ቢለኝ ምን እለዋለሁ? የጨርቁ ባለቤት ነህ እንኳ ብልህ ስፌቱ የማነው? የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ሲባል አልሰማህም?»

ይህን ተረት አባዬ ሁልጊዜ ይናገረዋል። በሸዋ ሰው አፍ ላይ የተለመደ ነው፤ ቃል ከልጅ ይበልጣል ለማለት ነው። ያን ቀን ግን የወለዱት እኔ ነበርኩ። አባዬም ወዲያው ገባውና ወደ እኔ ዞር ብሎ አየኝ፤ ፊቱ ቀላ። የኡኬው አባቴ «በሽማግሌ እጠይቃለሁ፤ በሽማግሌ ካልሆነ አውራጃ ፍርድ ቤት አለ» ብሎ ወጣ።

ስለ ልጆቹ አላዘንኩም ማለት አይደለም። ወንድሞቼ ናቸው፤ ትንሹ ዓይኔ ላይ ይመጣብኝ ነበር። «ቸግሮኛል፣ እርዱኝ» ብሎ ቢመጣ እናቴ የዚያኑ ቀን ነጠላዋን አጣፍታ ትከተለው ነበር። እኔም ክረምቱን እሄድ ነበር፤ በደስታ! እርዱኝ ማለት ግን ተሸናፊ የሚሆንበት መሰለው። ስለዚህ እኛ ያልገባን ሆንን። ያናደደኝ ይሄ ነው፤ አሁንም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ሰውየው ልመናን እንኳ በክርክር ነው የሚያቀርበው።

ሽማግሌዎቹ በሱቃችን በረንዳ ላይ እሑድ ከሰዓት በኋላ ተቀመጡ። እሑድ የሆነው ከሦስቱ አንዱ ጎጃሜ መሪጌታ፣ ሌላው የዲጋ ሰው የወንጌላውያን ሽማግሌ፣ ሦስተኛው ነጋዴ ስለነበሩ ነው፤ የሦስቱም ሰዓት የሚገጥመው ቅዳሴው ወጥቶ፣ ዝማሬው አልቆ፣ ገበያም ሳይኖር ነው። የሚመሩት የዲጋው ሽማግሌ ነበሩ። አንድ ልማድ ነበራቸው። ማንም ሰው ተናግሮ ሲጨርስ የተናገረውን ከራሱ አብልጠው፣ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ፣ መልሰው ይነግሩትና «እንዲህ ነው ያልከው?» ይሉታል። ነው ካላላቸው ወደ ሌላው አይሄዱም። በዚህ ምክንያት ሰው በእሳቸው ፊት አጭር ነው የሚናገር። እኔ ውስጥ፣ ከመስኮቱ ሥር፣ የምተክለውን ቁልፍ ይዤ ተቀምጫለሁ፤ ሁሉንም እሰማለሁ። ነገሩ ቀላል ነው፤ የአባዬ ልጅ ነኝ ከተባለ ፈተናዬን እፈተናለሁ፤ የእሱ ነኝ ከተባለ በማግስቱ ኡኬ እሄዳለሁ።

የኡኬው አባቴ ጀመረ። ሽማግሌው ሰምተው ደገሙ። «‹ልጄን አሳድጉልኝ ብዬ ሰጠሁ እንጂ ለዘለዓለም አልሰጠሁም።› እንዲህ ነው ያልከው?»

«ነው።»

«እስከ መቼ?»

«እናቷ እስክትጠነክር።»

«እናቷ ከዚያ በኋላ አራት ወለደች። ጠንክራ ነበር ማለት ነው። ያኔ ለምን አልወሰድክም?»

«አልገባችሁም…»

«እሺ፣ አልገባንም። ሽማግሌ ተቀምጦ ነበር፣ ምርቃት ነበር፣ ቅቤ ነበር። አልነበረም ትላለህ?»

«ነበር። ግን እሱም አልገባችሁም። ምርቃቱ ለጉዲፈቻ አይደለም፤ ለጤናዋ ነው።»

በዚህ መሀል ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድበው ጀመር። ማንም ማንንም መስማት አልቻለም። አባዬ ጢሙን ይነቅላል፣ መሪጌታው አንገታቸውን ደፍተዋል። እኔ ያን ሰው ጠላሁት። በልጅነቴ ፈርቼው፣ ወድጄው፣ ታዝቤው አውቃለሁ፤ ጠልቼው ግን አላውቅም ነበር። ተነስቼ ወጥቼ «ገብቶናል! ሁላችንም ገብቶናል! ምግብ አብሳይ ነው የምትፈልገው!» ብዬ ልጮህበት ፈለግሁ። ዝናቡ ባይኖር ምናልባት እጮህ ነበር።

ዝናቡ ሲቀንስ የዲጋው ሽማግሌ ካቆሙበት ቀጠሉ። «ምርቃቱ ለጤናዋ ነው አልክ። ታማ ነበር እንዴ?»

የኡኬው አባቴ ዓይኑን ወደ ዝናቡ ወረወረ።

«ወዳጄ፣ ሁለት ጊዜ አልገባችሁም አልከን። ስናረጅ ጆሯችን ደክሞ ይሆናል። እስቲ አንተው አስገባን። ያን ቀን ምን ማለትህ ነበር?»

በመስኮቱ ክፍተት አየሁት። ለመጀመሪያ ጊዜ እጁ አልተወራጨም፤ ሁለቱንም ጉልበቱ ላይ አድርጎ ነበር። ከዚያ ተናገረ፤ በኦሮምኛ፣ ቀስ ብሎ፣ እያንዳንዱን ቃል እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ።

«ከእሷ በፊት ሁለት ቀብሬአለሁ። ይቺም ሆዷ ተነፍቶ፣ ጸጉሯ ሳስቶ፣ ጡት መያዝ ትታ ነበር። እንደምትሞት ያየ ሁሉ ያውቃል። ሚስቴ ሦስተኛ ብትቀብር ታብድብኝ ነበር። እዚያው ከተማ ትሙት አልኩ፤ ሚስቴ በማታይበት፣ በሰው ቤት። ለሚስቴ ሐኪም አለ፣ እዚያ ትድናለች ብዬ አታለልኳት። መርዶ ስጠብቅ ከረምኩ። ሳትሞት ቀረች።» ቀና ብሎ ሽማግሌዎቹን አያቸው። «አሁን ገባችሁ? ልጁን የሰጠ ሰው መልሶ አይጠይቅም፤ ልማዳችን ነው፣ አውቃለሁ። እኔ ግን ልጅ አልሰጠሁም። እናንተ ልጅ የሰጠሁ መሰላችሁ እንጂ እኔ የሰጠሁት ሬሳ ነው።»

የሚያሳብደው፣ እንደሚረታበት ማመኑ ነው! ነገሩን ሲጨርስ ወደኋላው ደገፍ አለ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ሳንረዳው ኖረን በመጨረሻ የተረዳነው ሰው ሆኖ ተቀመጠ። እኔ ከመስኮቱ ሥር ሆኜ ስጦታነቴ ከላዬ ላይ ሲገፈፍ ይሰማኛል። እንደ ሞተ ውሻ ሰው አጥር ላይ የተጣልኩ ኖሬአለሁ ለካ! እሱ አለማፈሩ፣ እሱ ይህን ለክርክር ማምጣቱ፣ ይህን እንኳ «አልገባችሁም» ብሎ መጀመሩ!

አባዬ ብድግ አለ። መሪጌታው ክንዱን ይዘው መልሰው አስቀመጡት። የዲጋው ሽማግሌ ግን ልማዳቸውን አልተዉም። ቃሉን አንድ በአንድ መልሰው ተናገሩ፤ «ሬሳ ነው» የሚለው ጋ ሲደርሱ ድምፃቸው ሰለል አለ። «እንዲህ ነው ያልከው?»

«ነው።»

ወደ እናቴ ዞሩ። «አንቺስ፣ የኔ ልጅ? ስትቀበያት ምን መሰለሽ?»

እናቴ ከበረንዳው ምሰሶ ሥር ተቀምጣለች።

«እኔ ገብቶኝ ነበር» አለች።

«ምኑ?»

«እሱ አሁን የተናገረው ሁሉ። ልጅቷን ሲያቀብለኝ ፊቱን አዞረ። ሰው ልጁን ሲሰጥ እያየ ነው የሚሰጥ፤ እንዲህ ያዙልኝ፣ እንዲህ አብሉልኝ ይላል። እሱ ፊቱን አዞረ። ክብደቷም አልነበረም፤ ነጠላ የተቀበልኩ ነው የመሰለኝ። ምን እየሰጠኝ እንደሆነ ያን ጊዜውኑ ገባኝ። ገብቶኝ ነው የተቀበልኩ። በማግስቱ አዝዬ ሐኪም ቤት ወሰድኳት፤ በየቀኑ ወሰድኳት። እንግዲህ አልገባችሁም የሚለው ለሌላ ሰው ይሁን። ለእኔ ገብቶኛል።»

የኡኬው አባቴ አፈጠጠባት። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ምሥጢሩን የያዘ የመሰለው እሱ ነበር። «ገብቶሽ ነበር?» አላት፤ እሷም ዞራ አላየችውም።

ሽማግሌዎቹ ብዙ አልተማከሩም። የዲጋው ሰውዬ ፈረዱ። «የሰጠኸው ሞት ከሆነ፣ ሞቱ አልመጣም፤ ስለዚህ የሚመለስልህ ነገር የለም። ሕይወቷን ደግሞ አንተ ስላልሰጠህ አትጠይቅም። ልጅቷ የእነዚህ ናት። አንተ ግን አራት ልጆች ይዘህ ቸግሮሃል፤ ይህን ቀድሞ ብትነግረን ኖሮ ዛሬ የተቀመጥነው ለሌላ ነገር ነበር።» መሪጌታው መረቁ። የኡኬው አባቴ የሽማግሌዎቹን ጉልበት ስሞ፣ ጭቃውን ረግጦ ሄደ። በእኔ በኩል ሲያልፍ ቆም አለ። ምን ሊል እንደነበር አላውቅም። እኔ መስኮቱን ዘጋሁት።

ክረምቱን እናቴ ኡኬ ሄዳ የልጆቹን ቤት አደራጅታ ተመለሰች። ትንሹን ለአንድ ዓመት እኛ ጋ አመጣችው፤ የእኔን አልጋ ተጋራ፤ ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ። ኡኬ ግን አልሄድኩም። የኡኬው አባቴ ሲሞትም የሄድኩት ቀብር ደርሶ ለመመለስ ብቻ ነው። ሰዎች ምን ያህል ጠንካራ ልብ አላት ብለው ታዘቡኝ፤ ይታዘቡኝ።

ያን እሑድ ግን፣ ሽማግሌዎቹ እንደሄዱ፣ ንዴቴ ሁሉ ወደ እናቴ ዞረ። አግዳሚ ወንበሮቹን ወደ ውስጥ እየመለሰች ነበር። የአንዱን ጫፍ እኔ ያዝኩ፤ አነሳን፤ ሳላስቀምጠው ጮህኩባት።

«ስጦታ ነሽ ስትይኝ ኖረሻል! አውቀሽ ነው እንዲህ የምትይኝ?»

«አውቄ።»

«እየሞትኩ እንደነበር አውቀሽ ነው የወሰድሽኝ?»

«አልኩሽ እኮ፣ አውቄ። ወንበሩን አስቀምጪው፣ ከበደኝ።»

አላስቀመጥኩም። «ብሞትብሽስ? በሳምንቱ ብሞትብሽ ኖሮስ?»

እናቴ በሕይወቷ ተቆጥታኝ አታውቅም ነበር፤ ያን ጊዜ ተቆጣች። በወንበሩ ማዶ ሆና እንደማታውቀኝ ሰው አየችኝ።

«እቀብርሽ ነዋ!» አለች። «ታዲያ ልጄን ሌላ ማን ይቀብርልኛል?»